ወረታ መግቢያ ላይ የተደፋው ጽዋ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ደፋው! አስፋልቱ ላይ ደፋው፣ ያውም የእኔው ደረጀ።

ዛሬ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ አባየ ነበሩ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋውን እንደ ወጉ ሞልተን ለሚቀጥለው ተረኛ ልናደርስ ከቁሐር ወደ ወረታ በባጃጅ ተነሣን። አባየ ማሰሮውን በነጠላ ሸፍነው ጭናቸው ላይ አቅፈዋል። ከተማው መግቢያ ላይ ደረጀ ከአለቃው ጋር ቆሟል። የትራፊክ ልብሱ እንዴት እንዳማረበት!

ማንም አላስቆመንም። አልፈን ልንሄድ ነበር። "አቁምልኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ አባየ ግን መልኩን እንኳ አያውቁትም። የደሴ ልጅ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለው። ጽዋውን ቀምሶ፣ ጉልበታቸውን ስሞ እንዲመረቅልኝ ፈለግሁ። ነጠላውን ገልጬ "ና፣ ጽዋ ቅመስ" አልኩት። ምን ነካኝ!

አለቃው ቀድሞ ደረሰ። ሰሞኑን በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ የሰነበተው፣ የተከፈተ መጠጥ በመኪና መያዝ ክልክል ነው የሚለው ደንብ፣ ለካ ለጽዋም ነው። "ወይ መጠጡ ይደፋ፣ ወይ ባጃጁ ይታሰር" አለ። አባየ ደረጀን "የሚካኤል ነው እኮ፣ ልጄ" አሉት። ደረጀ ዐይኔን ሳያይ ማሰሮውን ከእጃቸው ወሰደ።

አባየ ባዶውን ማሰሮ አቅፈው በእግራቸው ወደ ቁሐር ተመለሱ። ሽማግሌ የሚልከው እሱ መሆኑ ገብቷቸዋል።

አርብ፣ ኅዳር 13

ደረጀ ከምሠራበት የሩዝ መፈልፈያ በር ላይ መጥቶ ጠበቀኝ። ልሰድበው አስቤ አለቀስኩ።

"ባጃጁ ቢታሰር ሹፌሩ ምን ይበላል?" አለኝ። ባለፈው ክረምት ሐሙሲት አጠገብ ከተገለበጠው ሚኒባስ ሬሳ ያወጣው እሱ ነው። ሹፌሩ እግር ሥር ክዳን የሌለው የአረቄ ጠርሙስ ነበር። "ይኼ ጽዋ ነው፣ ይኼ የሠርግ ነው እያልኩ ካሳለፍኩ ማንን ልይዝ ነው?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ ትንፋሼን ውጬ አደምጣለሁ። አባየ ቁጭ በሉ ሳይሉ ብዙ አቆሟቸው።

በመጨረሻ "ልጁን አልጠላሁትም" አሉ። "ድንጋይ ተሸክሞ ማኅበሩን ይቅርታ ይጠይቅ። ያን ጊዜ ልጄን ይጠይቅ።"

ከደስታዬ ብዛት እልል ልል ነበር። ድንጋይ ምን አላት! ከርብ ወንዝ ዳር ቀለል ያለችውን እኔው እመርጥለታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

እምቢ አለ።

"ለሚካኤል ከሆነ ተራራም ልሸከም። አጥፍቻለሁ ብዬ ከተሸከምኩ ግን ነገ የጠጣውን ሹፌር በምን አፌ አስቆመዋለሁ?"

ወደ ቁሐር ወርጄ አባየን ለመንኳቸው። ለእኔ ሲሉ ይተዉለት አልኩ። "የኔ ቢሆን እተውለት ነበር። የሚካኤልን የምተው እኔ ምን ቤት ነኝ?" አሉ።

ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሁለቱንም ባላይ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

አባየ አዲስ ጠላ አስጠምቀው ጽዋውን እንደገና ሞሉ። ባጃጅ ልጥራ ወይ ብላቸው "እግሬን የሚቀጣ ደንብ ገና አልወጣም" አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲቀልዱ የመጀመሪያቸው ነው። ማሰሮውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ የታጨደውን የሩዝ ማሳ ዳር ዳሩን ይዘን ሄድን።

መግቢያው ላይ ደረጀ ብቻውን ቆሟል። አለቃው የለም። ኮፍያውን አውልቆ መጣና አባየ ፊት ጎንበስ አለ።

አባየ ማሰሮውን አወረዱ። ነጠላውን ገለጡ። በዋንጫ ቀዱለት። ሥራ ላይ ነኝ አላለም፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ ቀመሰ። "ሚካኤል ይጠብቅህ" ብለው መረቁት። የተመኘሁት ሁሉ፣ በተመኘሁበት ቦታ።

ትንሽ እንደሄድን አላስችል አለኝ። "አባየ፣ ይቅር አሉት ማለት ነው?"

"ጽዋ ለመንገደኛ አይከለከልም" አሉ። ማሰሮውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ። "ልጅ መስጠት ግን ሌላ ነው።"

ዞር ብዬ አየሁት። ኮፍያውን አድርጎ አንድ ሚኒባስ እያስቆመ ነበር።