የባሕር እንግዶች ሄርማታ ገቡ

ልጄ ማሂራ፣

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ሪዝቅሽን ያስፋልሽ። እዚህ ሄርማታ እኔም እናትሽም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ዝናብ አግኝቷል።

ወንድምሽ አብራር ከጅዳ ያመጣልን ሁለቱ የባሕር ዓሦች ይኸው ሃያ ቀናቸው፤ በሕይወት አሉ። የመስታወት ገንዳውን ራሴ ቆርጬ ራሴ ነው የለጠፍኩት፤ ጠብታ አያፈስም። ባዘዝሽኝ መሠረት ውሃው ለዓሦቹ እስኪስማማ አንድ ወር ሙሉ የጨው ውሃና ድንጋይ ብቻ ይዤ ስጠብቅ፣ ጎረቤታችን አብደላ በየቀኑ ብቅ እያለ፣ "ሸኩር፣ ድንጋዩ አልበሰለም?" ይለኝ ነበር።

ዓሦቹ የገቡ ዕለት ግን እናትሽ ልትገድላቸው ነበር። "በመጀመሪያው ቀን ምግብ አትስጧቸው" ያልሽውን አንብቤላታለሁ። እሷ፣ "ከጅዳ ድረስ የመጣ እንግዳ ጦሙን ያድራል እንዴ? ያሳፍራል!" ብላ፣ እኔ ለሶላት ስወጣ ግማሽ ዳቦ ፈርፍራ ጨመረችላቸው። ስመለስ ውሃው ደፍርሷል፤ ዓሦቹ ከላይ ተሰብስበው አየር ፍለጋ አፋቸውን ይከፍታሉ። ፍርፋሪውን በሻይ ማጥለያ ለቀምኩ፤ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፤ በማግስቱም ደገምኩ።

ትናንት አብደላ ሲመጣ ዓሦቹ ይጫወታሉ፤ አብራር ከዓሦቹ ጋር ያመጣው፣ ድንጋዩ ላይ ያስቀመጥኩት ኮራል የሚሉት የባሕር ፍጡርም እንደ አበባ ተከፍቷል። "ሱብሓነላህ!" አለና ወንበር ሳበ። እስከ መግሪብ ሶላት አልተነሳም።

ሶላትሽን አታሳልፊ፤ ብቻሽንም አታምሺ። አላህ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ ለእናትሽ ደውለሽ "በዳቦው ነገር አባቴ ልክ ነበር" በያት። እኔ ስነግራት፣ እንግዳ ማክበር አታውቅም ትለኛለች።

አባትሽ ሸኩር