ዘንድሮ ከነዳኋቸው ሁሉ እሷ

መስከረም 4 ቀን 1983

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ያለፈው ዓመት ደብተር ዘይት ፈሶበት አገርነሽ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ባለቤቴ ለወረቀት አታዝንም።

ዛሬ ዋዙን ሞከርኩ። ፍሪሲዮን ተቀይሮለት። እንደ ልማዴ ከአርባ ምንጭ ሲቀላ እስከ ላንቴ ደርሶ መልስ። ራሺያ ይሄን መኪና ለሰው ነው የሠራችው ወይስ ለጥይት ሣጥን? ወገቤ ተቆረጠ። ግን ጭቃ አይፈራም፣ ዳገት አይፈራም። መዝገቡ ላይ "ይሠራል" ብዬ ፈረምኩ።

ጋራዡ ውስጥ እኔ ካልፈረምኩ መኪና አይወጣም። ሌሎቹ ይጠግናሉ፣ እኔ ነድቼ እፈትናለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ስለ መኪና ዋሽቼ አላውቅም። ሾፌሮቹ "ደግፌ ካለ አለቀ" ይላሉ። ስለ ሌላ ነገር ዋሽቼ ይሆናል... ተወው።

ዘንድሮ የነዳኋቸውን ሁሉ ልጽፍ አስቤአለሁ። መጨረሻ ላይ የወደድኳቸውን በተራ አስቀምጣለሁ። አንደኛዋ ማን እንደሆነች ግን ከአሁኑ አውቃለሁ።

መስከረም 19

ዛሬ ገባች። ዘይት ልትቀይር።

ላንድሮቨሯ የኔ ነበረች። የኔ ናት። በ66 አገሩ ከሚመለስ ሚሲዮናዊ ገዛኋት። አራት ዓመት ከሲቀላ ጨንቻ ሰው አመላለስኩባት። በ70 የቀበሌው ካድሬ ጓድ ፈቃደ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ለእናት አገር ጥሪ ትፈለጋለች፣ ዘመቻው ሲያልቅ ትመለሳለች አለ። ቁልፉን በገዛ እጄ ሰጠሁት። ዘመቻው አለቀ። አንድ ቀን ነጭ ቀለም ተቀብታ፣ ታርጋዋ ተቀይሮ፣ እሱን ይዛ የሴቻን ዳገት ስትወጣ አየኋት። ሄጄ ጠየቅኩ። "አንተ ጴንጤ፣ አድኃሪ" ብሎ ሦስት ወር አሳሰረኝ።

ከዚያ ይሄ ጋራዥ ያለበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። መኪና የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ራሱ አስጠርቶ ቀጠረኝ። ረስቶታል መሰለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሥራውን እሺ ያልኩት ለደመወዙ አይደለም። እሷ ያለችበት ግቢ ስለሆነ ነው።

የሚያስቀኝ፣ አሥራ ሦስት ዓመት በኔ መኪና ሄዶ እስካሁን መንዳት አይችልም። ፍሬንና ፍሪሲዮን አይለይም። መኪና ማለት ለሱ ወንበር ነው።

ላንቴ ወሰድኳት። ሦስተኛ ማርሽ ስትገባ አሁንም ያው ድምፅ። ስመልሳት ቁልፉን ቶሎ መስጠት አቃተኝ።

ጥቅምት 11

የመምህር ተክለሃይማኖት ቮልስ። የመንግሥት አይደለችም፣ ግን ሰውየው ልጄን ፊደል ያስቆጠረ ነው፣ እንዴት እንቢ ይባላል? ከጎጃም ድረስ ነድቷት የመጣ። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ ታጉረመርማለች። ኩልፎ ወንዝ ውስጥ በመሻገሪያው አስገባኋትና ውሃው እስከ በሯ ደረሰ። አልጠፋችም! ዛሬ ከልቤ ሳቅሁ። እስካሁን ሁለተኛ ናት።

ኅዳር 2

ላዳ። ማሞቂያው አይጠፋም። አርባ ምንጭ ላይ ማሞቂያ...

ኅዳር 5

በሥራ ቀን ፈቃደ ከተማ ውስጥ የሚሄደው በዚህች ላዳ ነው። ዛሬ እሱ በሚቀመጥበት በኩል የበሩን ሽፋን ፈትቼ አንዲት የቡሎን ዳዶ ጣልኩበት። መልሼ ገጠምኩ። "ይሠራል" ብዬም ፈረምኩ። ውሸት አይደለም፣ ይሠራል። ኳ ኳ ኳ እያለ ይሠራል።

እሷን ግን አልነካም። እሷ ምን አጠፋች?

ኅዳር 20

የዳዶዋን ነገር ዳና ላይ አመጣሁበት። ዳና የፈቃደ ሾፌር ነው። የጨንቻ ልጅ፣ ጨዋ፣ መኪና የሚወድ። ፈቃደ "ድምፁን አጥፋ" ብሎ በሰው ፊት ሰድቦታል። ሁለት እሑድ ሙሉ ወንበር አውጥቶ፣ ሞላ ፈትቶ ሲፈልግ ከረመ። ዛሬ መጥቶ ጋሼ አንተ እየው አለኝ። ነድቼ ተመለስኩና "በሩን ፍታ" አልኩት። ሲያገኛት እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

አፈርኩ... ትንሽ። ፈቃደ ግን ሁለት ሳምንት ተሰቃይቷል።

ጥር 8

የእርሻ ልማቱ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬው፣ ላንቴ ላይ ሙዝ ጭኖ ቆመ ብለው ጠሩኝ። ካንዴላ የለውም፣ ናፍጣ ነው፣ ችግሩ አየር ገብቶበት ነው። አስተነፈስኩትና ራሴ ሲቀላ አደረስኩት። ጣሊያን ሌላው ቢቀር ይሄን ለመሥራት ተፈጥሯል። መሪው ሰውን እንደ ቋንጣ ያደርቃል፣ ክንዴ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ግን ያ ድምፅ! ገበያው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ቮልሷ ይቅርታ ታድርግልኝ፣ ሁለተኛው ይሄ ነው።

የካቲት 17

አገርነሽ ደብተሬን አንብባዋለች። ተቆጣሁ። እሷ ግን አልደነገጠችም። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እቤት ነው የምንጸልየው፣ ዛሬም አብረን ተንበርክከን ሳለ ድንገት አቆመች። ስለ ፈቃደ ስንት ዓመት ነው የምትጽፈው አለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው አለች። በቀል የጌታ ነው አለች።

የጌታ ከሆነ ምነው ዘገየ አልኳት። መኪናው የተወሰደበት እሱ አይደለም አልኳት።

ደብተሩን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

መጋቢት 30

ፈቃደ ዛሬ ግቢ መጥቶ እሷን በካልቾ መታ። ጎማዋን። ቆሸሸች ብሎ። ዳናን ሳይሆን እኔን አየኝ። እንከን የሌላት መኪና ናት እኮ፣ አረጀች እንጂ አለ። ያረጀችው በማን ቂጥ ስር ነው?

አንድ ቀን።

ግንቦት 13

ቶዮታውን ዛሬ ሞከርኩ። ላንድክሩዘሩን። ሾፌሩ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ቆሞ የከረመ። የመሥሪያ ቤቱ አዲሱና ቆንጆው። ሲሄድ ሐር ነው... ላንቴ ልደርስ ስል ሙቀቱ ወጣ። ወርጄ ኮፋኖውን ከፈትኩ። ነጭ ጭስ። ውሃውን እየጠጣው ነው። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታው ተነክቷል። ለከተማ ይሆናል። ሙቀት ያለበት ረጅም መንገድ ከሄደ አለቀለት።

መዝገቡ ላይ ልጽፍ ስገባ ሰው ሁሉ ራዲዮ ከቦ ቆሟል። ሊቀመንበሩ አገር ጥለው ሄዱ አለ ራዲዮው። እኔም ተጠግቼ ቆምኩ። መዝገቡን ረሳሁት።

ግንቦት 15

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ፈቃደ ብቻውን በእግሩ መጣ። ያለ ካፖርት፣ ያለ ቦርሳ። ከተማው በወታደር ተሞልቷል፣ ሁሉም ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። ጓድ ያለው የለም፣ እኔም አላልኩትም። ጥላ ውስጥ ከአጠገቤ ቆመ። ነገ ጠዋት ከባለቤቱ ጋር በኮንሶ፣ በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ሊሄድ ነው። ግቢው ውስጥ የሚሄዱ ሁለት ናቸው፣ ቶዮታውና እሷ። ዋዙንና ላዳዋን ወታደሮች ወስደዋቸዋል።

"የትኛው ያደርሰኛል?" አለ።

እጄን በጨርቅ ጠረግኩ።

"ደግፌ፣ እንደምትጠላኝ አውቃለሁ። ስለ መኪና ግን ዋሽተህ አታውቅም።"

አልረሳም ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያውቅ ነበር። እያወቀ ያሠራኝ ነበር!

እሷን ብሰጠው ሞያሌ ታደርሰዋለች። ሳታስነጥስ ታደርሰዋለች። ከዚያ ኬንያ። ዳግመኛ አላያትም። አሥራ ሦስት ዓመት ጠብቄ ቁልፉን ሁለተኛ በእጄ ልስጠው?

"ቶዮታው ይሻልዎታል" አልኩት።

አመሰገነኝ። እጄን ጨበጠ። እጁ ርጥብ ነበር። ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

ግንቦት 16

ማለዳ ግቢ ደረስኩ። ሲሄድ ላየው ነው የሄድኩት፣ ለምን እዋሻለሁ።

ፈቃደና ሚስቱ እጅጋየሁ ከኋላ ተቀምጠዋል። መሪው ላይ ዳና።

ዳና... እኔ ስለ ቶዮታው አሰብኩ፣ ስለ እሷ አሰብኩ፣ ስለ ፈቃደ ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። ሰውየው መንዳት እንደማይችል በገዛ እጄ ጽፌ ስቄበት የለም? ማን የሚነዳለት መስሎኝ ነበር?

በሩ ጋ ሲደርሱ እጄን አነሳሁ። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ ቴስታው ተነክቷል። ግን ያን ካልኩ ወርደው እሷን ይወስዳሉ። እጄን መልሼ አወረድኩ። ዳና የተሰናበትኩት መስሎት ፈገግ ብሎ ክላክስ ነፋልኝ።

ብልህ ልጅ ነው። ሙቀቱን ሲያይ ያቆማል። የሚቃጠለው ፈቃደ ብቻ ነው።

ከሰዓት እሷን አስነሳሁና ወጣሁ። ዘበኛው ካሱ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። የት ትወስዳለህ አላለኝም። ቤቷ ለመመለስ ጊዜ ፈጅታለች አለ ብቻ።

ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። ማንጎው ሥር። ከ70 ወዲህ የመጀመሪያዋ ቀን።

ግንቦት 18

አጠብኳት። ነጩን ቀለም በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ ከሥሩ አረንጓዴውን አየሁ። ፈቃደ አሁን የት ቆሞ ይሆን? ኮፋኖ ተከፍቶ፣ ጭሱ እየወጣ፣ ክራቫቱን እያላላ... ደጋግሜ አሰብኩት። ጣፈጠኝ።

አገርነሽ ሾፌሩ ማን ነው አለች። ነገርኳት። ደብተሩን አላነበበችም፣ ፊቴን ነው ያነበበችው።

ግንቦት 21

ከዳና ወሬ የለም።

ግንቦት 22

የለም። ከኮንሶ የመጣ ሁሉ ጠየቅኩ። ወታደሮች መንገድ ላይ እየዘረፉ ነው ይላሉ።

ግንቦት 25

መጣ።

በጭነት መኪና ላይ፣ ባዶ እግሩን። ግራ እጁ በቀርከሃ ታስሯል። እኔ ዘንድ ነው መጀመሪያ የመጣው፣ ወደ ቤቱ አልሄደም። አገርነሽ ውሃና የሀላኮ ጎመን ሰጠችው፣ በአንድ እጁ በላ። እየቆራረጠ ነገረኝ። ከኮንሶ ወርደው ሰገን ሜዳ ላይ መኪናው ፈላ። ሙቀቱን ገና ሲያይ ሊቆም ፈልጎ ፈቃደ ንዳ ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ሰዓት ሳይሞላ የወታደር መኪና መጣ፣ ፈቃደና እጅጋየሁ ተሳፈሩ። መኪናውን ጠብቅ፣ ሰው እልክልሃለሁ አለው ፈቃደ።

ጠበቀ። ሦስት ቀን! ዳና አደራ ይጠብቃል። በሦስተኛው ቀን ሌሎች ወታደሮች በእግር መጡ። አስነሳ አሉት። መኪናው አልነሳ አለ። ሆን ብለህ ነው ብለው በሰደፍ እጁን ሰበሩት። ጫማውን ወሰዱ። የኮንሶ ሰዎች አንስተው ወጌሻ ጋ አደረሱት።

በልቶ ሲጨርስ ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ቴስታው እንደተነካ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ያን ጠዋት እጅህን ያነሳኸው... ልትነግረኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምነው?"

ማንጎው ሥር የቆመችውን አየና መልሱን ራሱ አገኘው። ተነስቶ ሄደ። አገርነሽ የኔን ጫማ ይዛ ተከተለችው።

ሰኔ 3

ፈቃደ ሞያሌ ደርሷል አሉ። በሰላም ተሻግሯል። ያ ሁሉ ተንኮል አንድ ጠጠር አልመታውም። አሁንም ባገኘው ያንኑ እዋሸው ነበር? እሱ ብቻውን ቢሆን... አዎ፣ እዋሸው ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላው ነው።

ሰኔ 9

ዓመቱ አላለቀም፣ ግን ዘንድሮ ሌላ የምነዳ አይመስለኝም። ጋራዡ ተዘግቷል። ተራውን ላስቀምጥ።

አንደኛ እሷ። ሁለተኛ ኤንትሬው። ሦስተኛ የመምህር ተክለሃይማኖት ቮልስ። ዋዙ አራተኛ፣ የትም ይሁን ይቅናው።

ቶዮታው... ሁለተኛ ሊሆን የሚገባው ነበር። ምንም አላጠፋም። ሰገን ሜዳ ላይ ጎማውን አውልቀውለታል አሉ።

ሰኔ 16

ዳና እናቱን ሊያይ ጨንቻ መሄድ ፈልጎ መኪና አጥቷል ብላ አገርነሽ ነገረችኝ። እኔ ላድርስህ ብዬ ላክሁበት። ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። መጣ።

እሷን አስነስቼ ጠብቄዋለሁ። ትናንት ውሃውን፣ ዘይቱን፣ ፍሬኑን አይቻለሁ። የጨንቻን ዳገት ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። "ግባ" አልኩት። "ትሠራለች።"

አልገባም።

"ሞተሩን አጥፋው" አለ።

አጠፋሁ። ዞሮ ወደ ፊት ሄደ። ኮፋኖውን በአንድ እጁ ለማንሳት ታገለ፣ ከበደው። ልረዳው ተጠጋሁ። "ተወው ጋሼ" አለ፣ ሳይቆጣ። በትከሻው ደግፎ አነሳው። የዘይቱን መለኪያ አወጣ፣ በሱሪው ጠረገ፣ መልሶ ነክሮ አየ። ውሃውን አየ። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ከሥር የፍሬኑን ቱቦ በጣቱ ዳሰሰ፣ በአራቱም ጎማ። ብዙ ቆየ። እኔ በገዛ መኪናዬ አጠገብ ቁልፉን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁት።

ሲጨርስ እጁን ጠረገና ገባ። ጨንቻ እስክንደርስ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው ላይ አላነሳም።