ከዊንዶውስ ጋር ስላስታረቃችሁኝ

ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቢቸና

ለነጎድጓድ ብሮድባንድ አገልግሎት የሞጣ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ለተከበሩ አቶ ደምለው
ሞጣ

የተከበሩ አቶ ደምለው፣

እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በር ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ፣ እኔ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት የምትለኝ ጸሐፊዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ክረምቱ እየገባ ነውና ጋቢዎ አይለይዎት። እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ጤነኛ ነኝ፤ የታመመው የኢንተርኔት መስመሬ ነበር። እርሱም ቢሆን ታሞ ሳይሆን ሞቶ ነበር፤ እናንተ ግን እስከ መጨረሻው ጉንፋን ነው እያላችሁ ስታጽናኑኝ ቆይታችኋል።

ከሚመላለስባችሁ ሰው ብዛት የተነሣ ለይተው ባያስታውሱኝ አልቀየምም። ቢቸና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር የሆንኩት ይግዛው ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከአብዛኞቹ ተማሪዎቼ በዕድሜ የሚበልጡ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት። አዲሱን ዊንዶውስ ብጭንባቸው እስኪነሡ ክፍለ ጊዜው ያልቅ ነበር። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም ሰው በነፃ ወስዶ እንደሚመቸው አድርጎ ሊጠቀምበት የሚችለውን ክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም፣ ጫንኩባቸው። አሁን አዲስ እንደ ተገዙ ሆነው ይሠራሉ። ይህን በማድረጌ ምን ያህል እንዳስቀየምኳችሁ ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው።

ባለቤቴ ምሥራቅ እዚያው እናንተ ከተማ፣ ሞጣ፣ አዋላጅ ነርስ ናት። በእኔና በእሷ መካከል ደብረ ወርቅና ጉንደ ወይን፣ ደግሞም መንገድ ተብሎ የሚጠራ ነገር አለ። እኔ ቅዳሜን ማጠናከሪያ አስተምራለሁ፤ እሷ እሑድን ተረኛ ናት፤ በወር አንድ ጊዜ ከተያየን ጥሩ ወር ነው ማለት ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጃችን «ጋሼ» ብላ ትጠራኛለች። አስተዳደጓ ጥሩ ስለሆነ እንግዳ ሲመጣ በርጩማ ታቀርባለች፤ ለእኔም ታቀርብልኛለች። እኔም አመስግኜ እቀመጣለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

የዘንድሮው የመምህራን ዝውውር ምዝገባ የሚዘጋው ግንቦት 15 ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ማመልከቻው ከትምህርት ቤቱ መስመር ካልተላከ አይቆጠርም፤ በስልክ አይሆንም፣ በሰው እጅም አይሆንም። ሞጣ ላይ አንድ የኮምፒውተር መምህር ጡረታ ወጥተው ቦታቸው ክፍት ነበር። እኔ የፈለግሁት ያንን ቦታ ብቻ ነው። የእናንተን መስመር ደግሞ ሚያዝያ 6 ቀን ነፋስ ጣለው።

ከዚህ በታች ያሉትን አቤቱታዎች በተራ ቁጥር ያቀረብኩት ለፋይል አያያዝ እንዲመቻችሁ ብዬ ነው።

1. በነፃ የስልክ መስመራችሁ ስደውል ያነሣችው ወይዘሪት እስከዳር እጅግ ትሑት ልጅ ናት፤ አሳዳጊዎቿ ይባረኩ። ከታች በግራ በኩል ስታርት የሚለውን ምልክት እንድጫን ጠየቀችኝ። የለኝም አልኳት። ሁሉም ሰው አለው አለችኝ። ሊኑክስ እንደምጠቀም ስነግራት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቤተሰብ ያውቃል ወይ አለችኝ። ምሥራቅ እንደምታውቅ አረጋገጥኩላት። በመጨረሻም አቤቱታ የሚመዘገብበት ቅጽ ላይ ከዊንዶውስ በቀር የሚመረጥ ነገር ስለሌለ ልትመዘግበኝ እንደማትችል አስረድታ መልካም ቀን ተመኘችልኝ። ምኞቷ እስካሁን አልደረሰኝም፤ እሱም በእናንተው መስመር ተልኮ ይሆናል።

2. መስመሩ ከምሰሶው ወርዶ፣ ከሳጥኑ ተነቅሎ፣ በጎረቤታችን በወይዘሮ ፋንታነሽ ግቢ ውስጥ ተጋድሟል። ፎቶ አንሥቼ ላክሁላችሁ። የመለሳችሁልኝ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ችግሩ «የሥርዓተ ክወና አለመጣጣም» መሆኑን ይገልጻል። ወይ ጉድ! መሬት ላይ የተኛ ገመድ ከማን ጋር ይጣጣም? ወይዘሮ ፋንታነሽ ግን እቃ ሲባክን አይወዱምና ጫፉን ከአጥራቸው ጋር አስረው አንሶላ አሰጡበት። በሦስተኛው ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ኢንተርኔቱን የከለከለው የኔ አንሶላ ይሆን እንዴ፣ ላንሣልህ ወይ አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ በዚያ ሁሉ ሳምንት ውስጥ ስለ ገመዱ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

3. ሞጣ ድረስ አምስት ጊዜ በአካል ቀርቤያለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ባለሙያዎ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ሞክረህ ውጤቱን አምጣ አሉኝ። ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወዳጄን ላፕቶፕ ለምኜ ሞከርኩ። ዊንዶውስም በወደቀ ገመድ ኢንተርኔት እንደማያገኝ በሳይንስ አረጋገጥኩ። ይህንን ጽፌ ባቀርብ፣ ላፕቶፑ ከእኔ ኮምፒውተሮች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስላደረ ተጋብቶበት ይሆናል ተባልኩ። ወዳጄ ይህን ከሰማ ወዲህ ላፕቶፑን ለሰው አያውስም።

4. ይህን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ። በስልካችሁ ላይ አራትን ተጭኖ መልስ ያገኘ ሰው የለምና፣ እኔም ልማዳችሁን ላክብር ብዬ ነው።

ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ግን በጣም ጨነቀኝ። በአገራችን ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁባችሁ። መሪጌታ ሣህለ ማርያም፣ ጡረታ የወጡት መምህር ባንተአምላክ እና የዕድራችን ዳኛ አቶ ስጦታው፣ ሦስቱም ነጭ ለብሰው ሞጣ አደሩና ግንቦት 15 ቀን ጠዋት በሁለት ሰዓት ቢሮዎ ገቡ። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እርስዎም ሦስት አዛውንት ቆመውብዎት ምን ያድርጉ፤ የጥገና ሠራተኛውን ቢያዝንን ያን ጊዜውኑ በመኪና፣ መሰላል አስይዘው፣ ወደ ቢቸና ላኩት። እዚህ ላይ በእውነት አመሰግንዎታለሁ። ቢያዝን ከተላከ በኋላ ሽማግሌዎቼ ሳይቀመጡ ቢመለሱ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

እነሱ ግን ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። እርስዎም ለጨዋታ ያህል፣ ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ልጁ ዊንዶውስን ትቶ ሌላ በማስገባቱ መሆኑን አጫወቷቸው። ሽማግሌዎቼ ይህን ከእኔ አልሰሙም ነበር። ስንት ዓመት አብረው ኖሩ ብለው ጠየቁ። እርስዎ ከኮሌጅ ጀምሮ ስምንት ዓመት ይሆናል አሉ። ስምንት ዓመት! መሪጌታ አፈሩ። መምህር ባንተአምላክ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ስጦታው ደግሞ ሃያ ሁለት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸውና፣ የተጣላውን ሳናስታርቅ ለእሱ መለመን ነውር ነው ብለው ወረቀት አስመጡ። እኔ ዊንዶውስን ወደ ቤቴ ልመልስ፣ ዊንዶውስም ያለፈውን ላያነሣብኝ፣ የጎደለውን ሁለታችንም ልንቻቻል ውል ተጻፈ። ስለ እኔ ሽማግሌዎቼ ፈረሙ። ስለ ዊንዶውስ እርስዎ ፈረሙ። ውክልናውን ማን እንደ ሰጠዎት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

እርቅ ከወረደ አቤቱታ የለምና ፋይሌ «በስምምነት አልቋል» ተብሎ ተዘጋ። ቢያዝን ጉንደ ወይን ደርሶ ነበር። እርስዎ ደውለው መለሱት።

እኔ ማስረጃዎቼን ይዤ ከጠዋት ጀምሮ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ መኪናውን እጠብቃለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ምዝገባው ተዘጋ። ምሽት ላይ የመጡት ሽማግሌዎቼ ናቸው። መሪጌታ ግንባሬን ስመው፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ታርቀሃል አሉኝ፤ ከዚያም ለብቻ ወስደው ምን በድሎህ ነበር ብለው ጠየቁኝ። እሳቸውን ምን እላቸዋለሁ? በሰባ ሦስት ዓመታቸው ስለ እኔ ብለው ያንን መንገድ ተጉዘዋል። በእርስዎ ላይ ግን ተቆጥቻለሁ፣ አቶ ደምለው። በትሕትና ነው የተቆጣሁት፤ ቢሆንም ተቆጥቻለሁ። የወሰዳችሁብኝ ከልጄ ጋር የምኖረውን አንድ ሙሉ ዓመት ነው፤ ይህንን የምትመልሱበት ቅጽ ደግሞ የላችሁም።

ለሁሉም ግንቦት 17 ቀን፣ እሑድ፣ ቢያዝን በራሱ ፈቃድ በሞተር ሳይክል መጣ። ልቤ እምቢ ብሎኝ ነው የመጣሁት አለ። ከጎረቤት መሰላል ተውሶ፣ አንሶላውን አጥፎ ለወይዘሮ ፋንታነሽ አስረክቦ፣ ገመዱን ሰቅሎ ሳጥኑ ላይ ሰካው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ኮምፒውተሮቹ በውስጣቸው ምን እንዳላቸው አንድም ጊዜ አልጠየቀም፤ ሊኑክሱም እንዳለ ኢንተርኔቱ መጣ። እባክዎን ሳትመረምር ጠገንክ ብለው ደመወዙን እንዳይቀንሱበት።

እንግዲህ ስለ ትዕግሥታችሁ፣ ስለ ማኅተማችሁ፣ ስለ ወይዘሪት እስከዳር ትሕትና፣ ከሁሉም በላይ በሕይወቴ ተጣልቼው ከማላውቀው ወገን ጋር ስላስታረቃችሁኝ ያለኝን ምስጋና በዚህ ወረቀት ልጨርሰው አልችልም። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ወንበርዎ ይጽና፣ መስመርዎ አይውደቅ፤ ቢወድቅም የሚያነሣው ሰው እሑድን ይሰጠው ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

እጅ ነሥቼ፣
የዊንዶውስ ታራቂ፣ የሊኑክስ ተጠቃሚ፣ የድርጅታችሁ ታማኝ ደንበኛ
መምህር ይግዛው

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ልለምንዎት። ርእሰ መምህራችን በሥራ ቀን ወደ ሞጣ እንድሄድ የሚፈቅዱልኝ ለእናንተ አቤቱታ ለማቅረብ ሲሆን ብቻ ነበር። በዚያ ምክንያት በአምስት ሳምንት ውስጥ አምስት ሌሊት ሞጣ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር አደርኩ፤ በትዳሬ እንዲህ ያለ ዘመን አይቼ አላውቅም። መስመሩ ከተሠራ ጀምሮ ግን ፈቃዱ ቀርቷል። ስለዚህ እስከ መጪው ዓመት ምዝገባ ድረስ በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ መስመሩን ብትቆርጡልን እኔም ምሥራቅም ውለታችሁን አንረሳም። ምክንያት ከተቸገራችሁ ሊኑክስ ነው በሉ፤ እኔ እፈርማለሁ።