ጀርም የበሉ ዓሦች

የካቲት 3 ቀን 1980፤ ጠዋት 2፡30
ዛሬም የሞቱ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ለቀምኩ። እፍኝ ሙሉ። ክንፋቸው ተበልቷል፣ ሆዳቸው አብጧል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ያው ባክቴሪያ። መድኃኒቱን ባለፈው ወር ሰጠናቸው፤ ተሻላቸውና መልሶ አገረሸ። አሁን መጋዘን ውስጥም የለም። ኩሬያቸውን ቆፍረው ጫጩቶቹን የሚጠብቁ ገበሬዎች አሉ። የዓሣ ማራቢያችን ጓድ ኃላፊ ቁርጡን ነገረኝ፦ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዳኑ ገንዳዎቹ ይደርቃሉ፣ እኔም ወደ መዝገብ ቤት። መዝገብ ቤት! ደብተሬ፣ እስቲ አስቢው።

የካቲት 8፤ ቀን 10 ሰዓት
ከሐይቅ የመጡት ትልልቆቹ ዓሦች እዚያው ውሃ ውስጥ እየኖሩ አይታመሙም። ለምን? የአንዱን አንጀት ከፍቼ እዚያ የሚኖረውን ባክቴሪያ አራባሁ። ከዚያ ከበሽታው ባክቴሪያ ጋር አንድ ሳህን ላይ አሳደግሁት። ዛሬ ሳየው በሽታው አጠገቡ ድርሽ አላለም! ዙሪያው ጥርት ያለ ባዶ። ሦስቴ አየሁት። ሮጬ ለጋሽ ሸምሱ ነገርኳቸው፤ የመ/ቤቱ ዘበኛ ናቸው፣ ዓሦቹንም የሚመግቡት እሳቸው። ሳቁ። «እኔ በር ላይ፣ እነሱ ሆድ ውስጥ! የሥራ ባልደረባ አገኘሁ በይኛ።»

የካቲት 9፤ ከሰዓት
ከውይይት ክበብ መመለሴ። ጉዳዬን አነሳሁ፦ ባክቴሪያውን ከመኖ ጋር ላብላቸው። ጓድ ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። ለታመመ ዓሣ ጀርም ማብላት አሻጥር አይባልም ወይ? አለ። ጋሽ ሸምሱ ከኋላ ተነሡ።
«ጓድ፣ ወተቱን እርጎ የሚያደርገውም ጀርም ነው ትላለች ልጅቷ። እኔ እርጎ ስጠጣ ኖሬ ይኸው ቆሜያለሁ።»
ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳይወድ ሳቀ። አንድ ገንዳ ተፈቀደልኝ፣ በኃላፊነትሽ ተብዬ። ፈረምኩ።

የካቲት 14፤ ቀን 8 ሰዓት
መብራት ጠፋ። ባክቴሪያው ያለበት ማሞቂያ ሳጥን ቀዘቀዘ። አለቀልኝ አልኩ። ብልቃጦቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ በታክሲ ወደ ቤት፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር። ከእናቴ ከሰል ምድጃ አጠገብ ደረደርኳቸው። የዓሣ ሾርባ መስሏት ጨው ልጨምር አለች። ስንስቅ እንባችን መጣ። ተርፈዋል!

የካቲት 28፤ ጠዋት
ባክቴሪያው የተሰጠው ገንዳ፦ ከሳምንት በላይ አንድም አልሞተም። ያልተሰጣቸው ዛሬም ይሞታሉ። ጓድ ኃላፊው ራሱ መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ። ጫጩቶቹ ጣቱን መምጠጥ ጀመሩ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ለሁሉም ገንዳ ይሰጥ አለ። ጋሽ ሸምሱን አቀፍኳቸው፤ ኮፍያቸው ወደቀ።

መጋቢት 25፤ 11 ሰዓት
ነገ መኪና ይመጣል። ጫጩቶቹ ወደ ገበሬዎቹ ኩሬ ይሄዳሉ። አብሯቸው ሄዶ፣ እስከ ክረምቱ መውጫ እዚያ ቆይቶ፣ ገበሬዎቹን መኖውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ማን ያስተምር? ተባለ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። እሄዳለሁ። ክረምት ሙሉ፣ ጭቃ፣ ድንኳን። ደስታዬን የት ላድርገው! እናቴ ገና አልሰማችም። ይኸው ከገበያ እየገባች ነው፣ አሁኑኑ ልንገራት።