የሙሽራዋ ክዳን

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋት አሥራ ስምንት ዲግሪ። ሰባቱም በርሜሎች ደህና። ናሙና ወሰድኩ፣ አሲዱ ዜሮ ነጥብ ሦስት። እንዳለፈው ሳምንት፣ እንዳለፈው ወር። ንቅንቅ ሳይል ሲቆይልኝ ደስ ይለኛል።

በርሜሎቹ የያዙት አልዴሃይድ የሚባል የሽቶ መሥሪያ ፈሳሽ ነው፣ እቃ ክፍል ውስጥ ግን ማንም በዚህ ስም አይጠራውም። «ሙሽራዋ» ነው የምንለው። ብርሃን አትወድም፣ ሙቀት አትወድም፣ አየር ከነካት ደግሞ አለቀላት፣ ትኮመጥጣለች። ደንበኛችን ሽቶ ፋብሪካው እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ብላ ካልደረሰችው አይቀበላትም። ስለዚህ ተሸፍና፣ አየር እንዳይነካት ከላይዋ ናይትሮጅን ለብሳ፣ ጨለማ ክፍል ትቀመጣለች። ስሟን ያወጣላት የፎርክሊፍት ሾፌሩ ነው። እሱን ራሱን «ጥሩምባ» እንለዋለን፣ ባዶ ኮሪደር ላይ እንኳ ክላክስ ሳያደርግ አይታጠፍም።

ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። «አዲሷ የጥራት ኃላፊ ሰኞ ትጀምራለች። እህትሽ ናት አሉ! ምነው ደበቅሽን?»

አልደበቅኩም። አላወቅኩም። ታናሽ እህቴ ሚጢ ማመልከቷን እንኳ አልነገረችኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እማዬ ቤት ሄድኩ። ሚጢ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። «እትዬ፣ ድንገት ላስደስትሽ ብዬ እኮ ነው!» አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። እኔም ሳምኳት። እንኳን ደስ አለሽ አልኩ። አፌ ነው ያለው።

እማዬ እየሳቀች፣ «አሁን እንግዲህ እሷ አለቃሽ ሆነች ማለት ነው?» ምን ያስቃል?

አባታችን ሲሞት ሚጢ አራት ዓመቷ ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል። እማዬ ሥራ ስትውል ማን ይያዛት? ደብተሬን ዘጋሁ። ፀጉሯን የሠራሁ እኔ። ክፍልፋይ ያስጠናኋት እኔ። ከዚያ የሆነ ቀን እኔ የማላውቀውን ማወቅ ጀመረች... የቱ ቀን እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

ልጻፈው፣ መቼም ማንም አያየውም። ቀናሁ። በገዛ እህቴ ቀናሁ። ሰኞ እንዳትመጣ ብትታመም ብዬ ተመኘሁ። ትልቅ ነገር አይደለም። ትንሽ ጉንፋን።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጉንፋን የለም። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከች አለች።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ እያዞረ አስተዋወቃት። ጥሩምባ ክላክስ ሳያደርግ ቆሞ አሳለፋት! ስንት ዓመት እኔን ሲያስበረግገኝ የኖረ ሰው። እኔ ጋ ሲደርሱ ሚጢ በሰው ሁሉ ፊት፣ «እኔን እዚህ ያደረሰችኝ እሷ ናት» አለች። አጨበጨቡ። ለእኔ መስሎኝ ቀና አልኩ። ለእሷ ነው። «እንዴት ያለች ትሑት ልጅ ናት!» ሲሉ ሰማሁ።

በኋላ ብቻዋን መጥታ በርሜሎቹን አየች። «በዚህ ሙቀት ዜሮ ነጥብ ሦስት እንዴት አድርገሽ አቆየሻት?»

«ተሸፍና» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አሲድ መለካት ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡት ኬሚስት ናቸው። ጠብታ በጠብታ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሮዝ እስኪሆን። «እጅሽ የተባረከ ነው፣ አትቸኩይም» ይሉኝ ነበር። ያ ሥራ ከዛሬ ጀምሮ የላብራቶሪ ነው ተባልኩ። የሚጢ።

እሷ ከወጣች በኋላ በድብቅ ለካሁ። ስህተት ባገኝባት ብዬ። የእሷ ዜሮ ነጥብ ሦስት፣ የእኔም ዜሮ ነጥብ ሦስት። ምናለ አንዴ እንኳ ብትሳሳት?

ዓርብ፣ የካቲት 14

ዛሬም አመሰገኗት። መዝገቡን ኮምፒዩተር ላይ ስላደረገችው። የእኔ መዝገብ ምን ሆኖ ነበር?

ሰኞ፣ የካቲት 17

«እትዬ፣ በጭንቅላትሽ የያዝሽውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፊልኝ። አንቺ ብትቀሪ ሰው እንዳይቸገር።»

አንቺ ብትቀሪ። ወዴት ነው የምቀረው?

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ወረቀት! ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩ። የክፍሉ ሙቀት። ናሙና በየስንት ቀኑ። የናይትሮጅን ሲሊንደሩ መቼ እንደሚቀየር። «ከመቀዳቱ በፊት በደንብ ይተንፍስ።» እዚህ ቤት ይሄን የማያውቅ የለም፣ ጎማ እንደማስተንፈስ ነው። በጎን ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ላላ ማድረግ፣ ናይትሮጅኑ ፍሽሽ ብሎ ግፊቱ ሲወጣ ክዳኑን ከፍቶ ቶሎ መቅዳት፣ ናይትሮጅን መልሶ መሙላት፣ መዝጋት። ላብራራው እንዴ ብዬ አሰብኩ... ተውኩት። የተማረች አይደለች?

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ምሳ ከአለቆች ጋር በላች። ተናደድኩ። ሲጨርሱ እኔ ጋ መጥታ ከሳህኔ ጎረሰች፣ እንደ ልጅነቷ። አሁንም ተናደድኩ። ምን ብታደርግ ነው የማልናደደው?

ዓርብ፣ የካቲት 21

የሰኞው ትእዛዝ ትልቅ ነው፣ ሦስት በርሜል። ሚጢ «እኔው ራሴ አዘጋጀዋለሁ» አለች። ቁልፉን ሰጠኋት።

አራት ሰዓት ላይ በበሩ ሳልፍ አየሁ። የሦስቱም በርሜል ክዳን ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አቧራ እንዳይገባ አፋቸው ላይ ሳሳ ያለ ነጭ ጨርቅ ጣል ተደርጓል። ሙሽራዋ ሽታዋ ክፍሉን ሞልቶታል። ሚጢ የለችም።

ቆምኩ። ሦስቱን ለመዝጋት ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው።

አለፍኩ።

ለራሴ ምን አልኩ? ኃላፊዋ እሷ ናት፣ የምታውቀው ነገር ይኖራል፣ አዲስ ትምህርት ይሆናል። ውሸቴን ነው። ወዲያው ነው የገባኝ። «ይተንፍስ» ያልኩትን አየር ያግኝ ማለት አድርጋ ወስዳዋለች። ገብቶኝ ነው ያለፍኩት።

ምሳዬን በላሁ። ጣፈጠኝ። ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ክዳኖቹ ገጥመዋል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይሄን መጻፍ ያስፈራል፣ ግን ጠጣ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ዛሬም ከፍታቸዋለች። ዛሬም አለፍኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

የበርሜሎቹ አፍ ዙሪያ ነጭ ነገር ጋግሯል። እንደ ደቃቅ ጨው። መንካት አላስፈለገኝም፣ አሲድ ነው። ሙሽራዋ ኮመጠጠች።

ላብራቶሪ ስገባ ሚጢ እየለካች ነበር። ሁለት ነጥብ አራት። ደገመችው። ሁለት ነጥብ አራት። ከአንድ ካለፈ ሽቶ ፋብሪካው ይመልሰዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ስትለካ ጠብታው ከእጇ አመለጣት። ያቺ ብልቃጥ ስትይዝ የምቀናባት እጅ።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። «ማነው ክፈቺው ያለሽ?»

«ማንም። በራሴ ነው።»

አጠገቧ ቆሜ ነበር። ወረቀቴ ጋውን ኪሷ ውስጥ ነው፣ ጫፉ ብቅ ብሏል። አላወጣችውም።

«የሙከራ ጊዜ ላይ እንዳለሽ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እስከ ሐሙስ አስቤበት እነግርሻለሁ።» ፊቷን ሳያይ ወጣ።

የተመኘሁት ሁሉ ደረሰ። ታዲያ ምሳዬን ለምን ሳልከፍተው ወደ ቤት መለስኩት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ከሥራ አብረን ወጣን። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመን፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትናደጂ» አለች።

«ምን?»

«አየር እንደማትወድማ አውቃለሁ እኮ። አንደኛ ዓመት የተማርነው ነው። ወረቀትሽ ላይ ይተንፍስ የሚለውን ሳነብ ግራ ገባኝ። ግን እንዳይኮመጥጥ የሚጨመር፣ ትንሽ አየር ካላገኘ የማይሠራ ማረጋጊያም አለ፣ እዚህ የሚጨምሩት ያ ይሆናል ብዬ... ደግሞ እትዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያቆየችውን እኔ ነኝ በመጽሐፍ የማርማት? አልኩ።»

«ወረቀቱን ለምን አላሳየሽውም?»

«አንቺን ያባርሩብኝ?»

ክው አልኩ። እኔ በእውቀቷ ስቃጠል ከረምኩ። እሷ እውቀቷን ሁሉ አስቀምጣ የእኔን አንድ ቃል ይዛ ነበር። እዚያው ክዳኖቹን ክፍት አይቻለሁ ማለት ነበረብኝ።

«አውቶቡሱ መጣ» አልኳት።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ። እኛ ጋ ማስተንፈስ ምን ማለት እንደሆነ፣ እሷ ደግሞ እንዴት እንደተረዳችው አስረዳሁ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሳቀ። «ለካ የቃል ጣጣ ነው!» ሦስቱ በርሜሎች እንደገና ይጣራሉ፣ ሽቶ ፋብሪካው ሁለት ሳምንት ይታገሳል፣ ሚጢም ትቀጥላለች።

ክዳኖቹን ክፍት አይቼ ማለፌን ግን አልነገርኩትም።

ሁሉንም ሰበሰበ። «ማንም ሳይጠይቃት መጥታ ጥፋቴ ነው አለች። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው!» አጨበጨቡልኝ። ጥሩምባ ሮጦ ሄዶ ክላክሱን ነፋልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ጭብጨባ ነው። ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው ሚጢ ናት፣ እንባ አቅርራ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ነገርኳት። እቃ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ።

«ክዳኖቹን አይቻቸው ነበር።»

«መቼ? ከኮመጠጠች በኋላ?»

«ዓርብ። አራት ሰዓት ላይ። ቅዳሜም።»

«ክፍት እያሉ?»

«ክፍት እያሉ።»

«እና?»

«አለፍኩ።»

«ለምን?»

«ቀንቼብሽ ነው፣ ሚጢ።»

ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። የጋውኗን ቁልፎች ከታች ጀምራ አንድ በአንድ እስከ አንገቷ ቆለፈች። ወጣች።

እሑድ፣ የካቲት 30

እማዬ፦ «ሚጢ ሥራ በዛብኝ ብላ ቀረች። ተኳርፋችኋል እንዴ?»

«ኧረ የለም» አልኩ። ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። ሳህን ለማጠብ ተነሳሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

በኮሪደር ተላለፍን። ለጥሩምባ «እንዴት አደርክ» አለችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

ዛሬ ደግሞ በጥሩምባ ቀናሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ሦስቱ በርሜሎች ተጣርተው ተመለሱ። አሲዱ ዜሮ ነጥብ ሁለት። ኩልል ብላለች፣ ከበፊቱም ትሻላለች።

በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። «መጀመሪያ ግፊቱ በትንሿ ቫልቭ ይውጣ። ክዳን ከሁለት ደቂቃ በላይ ክፍት አይቆይ።» ሚጢ ናት የጻፈችው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማንም የማይሳሳትበት ጽሑፍ ነው። ቅናት ይመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ባዶ ሆኜ ቆምኩ።

ከሰዓት የርክክብ ቅጹን ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ እስክሪብቶውን በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ማን ትልቅ ሰው መጣ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። ማንም የለም።

ፈረምኩላት።