ጠማማው ጭረት

ጥቅምት 6

ከቢሮ ስመለስ ጉልበቴ ዝሎ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፋይል ከመደርደሪያ ማውረድ፣ መልሶ ማስቀመጥ… መዝገብ ቤቱ አቧራ ብቻ ነው።

እማዬ ከአልጋዋ ሥር ያለውን ሣጥን ጎትታ አውጥታ ጠበቀችኝ። በውስጡ የአባዬ ሁለት መቅረዞች። አባዬ ከሞተ ዓመት ሊሞላው አምስት ሳምንት ቀረው።

«የሰውዬውን ዕቃ ከፊቴ አንሺልኝ» አለች። «ብር ነው ሲል ኖሯል። አስመርምሪውና ሽጪው።»

ሰውዬው። የሌሎች ሰዎች እናቶች «አባታችሁ» ይላሉ። እሷ ከሰባ ሰባት ወዲህ «ሰውዬው» ብቻ።

ጥቅምት 7

ለምን እንደሆነ እዚህ ልጻፈው። ለማንም አላወራሁትም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ደሃና ገጠር ነበርን። እህሉም ከብቱም አለቀ። እማዬ መቅረዞቹን ሽጣቸው አለችው። አያቴ ከአንድ ጣሊያን መንገድ ሠሪ ያገኛቸው ናቸው። አባዬ የእርዳታ እህል ልጠይቅ ብሎ ሰቆጣ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ስለ መቅረዞቹ ባነሳችበት ቁጥር «የአባቴን ብር አልሸጥም» ይል ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስድስት ዓመቴ ነበር።

ከሰቆጣ በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት ታናሽ እህቴ መሰረት ሞተች። ሁለት ዓመቷ ነበር።

ብሩ ሣጥን ውስጥ ነበር።

ጥቅምት 11

ወንድሜ ቢያዝን ከጅዳ ደወለ። ከድርቁ በኋላ ነው የተወለደው፤ ለሱ ዕቃ ዕቃ ነው። ከስልኩ ያነበበውን ነገረኝ። ማግኔት አስጠጊበት፤ ከሳበው ብር አይደለም። ከሥሩ ማኅተም ካለም እዪ።

ከተበላሸው ራዲዮ ማግኔት አወጣሁ። አልሳበውም። ከሥር ደግሞ ምንም አይታይም፤ የአንደኛው እግር ውስጡ በሰም ተደፍኗል። ማን ደፈነው? ሻማ በርቶባቸው አያውቅም…

«በቃ ብር ነዋ» ብሎ ሳቀ። «ምነው ድምፅሽ? ዕቃ የጠፋበት ሰው መሰልሽ።»

ነሐስንም ማግኔት አይስበውም። ይህን አልነገርኩትም።

ጥቅምት 12

ብር እንዳይሆን እየተመኘሁ ነው።

ብር ከሆነ አባዬ ከልጁ ይልቅ ዕቃውን መረጠ። ውስጡ ነሐስ፣ ላዩ የብር ቅብ ከሆነስ? ብር መስሎት ከከለከለን ያው ነው። ታዲያ ምን እንዲሆን ነው የምፈልገው?

ጥቅምት 14

ያልሆነ ነገር ሠራሁ። እማዬ የአንገቷን መስቀል እንደምታጸዳው በአመድና በሎሚ ፈተግኳቸው። ጥቁሩ ለቀቀ። ደስ ብሎኝ ነበር… ከዚያ አንዱ ጠርዝ ላይ ቢጫ ብቅ አለ። እድፍ መስሎኝ ጨምሬ ፈተግኩ። ቢጫው ሰፋ።

እማዬ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። በልጅነት ቋንቋዋ፣ በኽምጣንጋ፣ አንድ ነገር አጉረመረመች። ምን አልሽ ስላት ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቅምት 18

መቅረዞቹን በነጠላ ጠቅልዬ እዚሁ ሰቆጣ ሐጂ ዓብዱረሕማን ሱቅ ሄድኩ። አንጥረኛ ነበሩ፤ አሁን ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ጦይባ ናት፣ የምትሸጠውም የተሠራ ጌጥ ነው። ስታየኝ «ዕቃ ነው ወይስ ሕፃን ነው ያቀፍሽው?» አለች። ለመሳቅ ሞከርኩ።

ሐጂ አሠራራቸውን አስረዱኝ። ከማይታይ ቦታ አንድ ጭረት አንጥረኛው በሞረድ ያወጣል። ሁለተኛውን ባለቤቱ ራሱ ይሞርዳል፤ አታለሉኝ እንዳይል። ከዚያ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ውስጡ ነሐስ ከሆነ አረንጓዴ ይፈላል።

አንዱን መቅረዝ ገለበጡት። ሰሙን በጥፍራቸው ፈልቅቀው አወጡ። ሞረዱን አንስተው… መልሰው አስቀመጡት።

«ይሄማ ተሞርዷል» አሉ።

ሁለት ጭረት። አንዱ ቀጥ ያለ። ሁለተኛው ጠማማ፣ ሞረድ ይዞ የማያውቅ ሰው ያወጣው። ሁለቱም ውስጣቸው ቢጫ ነው።

የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የትእዛዙ ልጅ ነኝ፣ ከደሃና፣ አልኩ። መቅረዙን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«በድርቁ ጊዜ ነው። አንዱን በጋቢው ሸሽጎ በእግሩ መጣ። ቅብ ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ሞረዱን ሰጠሁት። ከሞረደ በኋላ እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ እስክንዘጋ አልተነሳም።»

ምን አለ? አልኳቸው።

«‹ባለቤቴ ብር አለን ብላ ነው በእግሯ የቆመችው። የለንም ካልኳት አትነሳም› አለኝ። ለማንም እንዳትናገር አለኝ። አልተናገርኩም፣ ልጄ።»

ሰሙንስ እርስዎ ነዎት የደፈኑት?

«እኔ አይደለሁም።»

ጥቅምት 19

አልነገርኳትም።

ጥቅምት 20

ዛሬም። ከሥራ ስመለስ ደክሞኝ ነበር። ነገ እነግራታለሁ…

አባዬም እንዲህ ነው የጀመረው? መጀመሪያ ትንሽ ትበርታ ብሎ ጭረቱን በሰም ደፈነ። ከዚያ ልጅቷ ሞተች። ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይነግራታል?

ጥቅምት 23

ነገርኳት። ዓይኗ ስለደከመ ጣቷን ይዤ ጭረቶቹ ላይ አስቀመጥኩት። ይህ የአንጥረኛው ነው፣ ይህ የአባዬ ነው፣ አልኳት። ጣቷን ከጠማማው ላይ አላነሳችም።

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ብር ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

ምሳ አልበላችም። አርባ ዓመት ይዛው የኖረችውን ቂም ከእጇ የነጠቅኳት መሰለኝ። በምትኩ ምን ሰጠኋት? አንድ ጭረት።

ጥቅምት 24

ቡናም አላፈላችም።

ኅዳር 2

ቢያዝን ደወለ። ቅብ ነው አልኩት። «እንግዲያ ምንም አያወጣማ» አለ። እንጃ አልኩት። እማዬን አገናኚኝ አለ፤ ስልኩን ሳቀብላት እጇን አወዛወዘች።

ማታ ማታ የምትደግመውን ጸሎት በኽምጣንጋና በአማርኛ እየቀላቀለች ስትል እሰማ ነበር። ሰሞኑን አልሰማሁም።

ኅዳር 7

መቅረዞቹ ከሣጥኑ ወጥተው መስኮቱ ላይ ቆመዋል። እኔ አላወጣኋቸውም።

ኅዳር 11

ነገ ሙት ዓመቱ ነው። የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምኜ መጣሁ። ወገቤን ያመኛል። ጎረቤቶች ድንኳኑን እየተከሉ ነው፤ ጠላው ደርሷል።

እማዬ በር አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። መቅረዙን ጭኗ ላይ ገልብጣ፣ በጭረቶቹ ዙሪያ የቀረውን ሰም በመርፌ እየቆፈረች ታወጣለች። በዳበሳ። ልርዳሽ አልኳት፣ አልሰጠችኝም።

ቀና ሳትል «ሻማ ገዝተሻል?» አለች።

ለምኑ? አልኳት።

«ለአባትሽ ነዋ።»