ሁለት ግራ እጅጌ

ሰኞ
የፋብሪካውን የስፌት መስመር አፈረሱት! ጠዋት ስንገባ ማሽኖቹ አራት አራት ሆነው ክብ ሠርተዋል። ከእንግዲህ እያንዳንዳችን ሸሚዙን ከኮሌታ እስከ ቁልፍ ለየብቻችን እንሰፋለን፤ ስማችን ያለበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይገባል። «ሥራው እንዳይሰለቻችሁ ነው» አለ ተቆጣጣሪያችን ግርማ። ማን ሰለቸኝ አለው? ስምንት ዓመት ግራ እጅጌ ብቻ ነው የገጠምኩት፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ዓርብ ፈተና አለ። የወደቀ ማሸጊያ ክፍል ይወርዳል። እዚያ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ካርቶን መሸከም ነው። በዚህ ወገቤ አንድ ወር አልቆይም።

ማክሰኞ
ሦስት ሸሚዝ ብቻ። ኮሌታው ጠመመ፣ ኪሱ ደህና ነው። ዘይነባ አምስት ጨረሰች። ስምንት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ ቀኝ እጅጌ ስትገጥም የኖረች ናት፤ ግራው ግን ይሸበሸብባታል። ቀናሁባት፣ ምን ይደረግ።

ረቡዕ
ጉድ ሆንኩ። ስድስት ሸሚዝ ሰፍቼ ደስ ብሎኝ ሳጣጥፍ አየሁት፦ ሁሉም ሁለት ግራ እጅጌ! ለካ እጄ ከክምሩ የለመደውን ብቻ ነው ሲያነሳ የዋለው። ዘይነባ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ የምሬን አለቀስኩ። ስድስቱንም ተርትሬ ቀኙን ገጠምኩ። ጣቴ ተላጠ።

ሐሙስ
«ስሚ እንጂ፣ ቀኝሽን እኔ፣ ግራዬን አንቺ። ማን ያያል?» አለችኝ ዘይነባ። በጠረጴዛው ሥር ስንቀባበል ዋልን። በየኪሱ ግን የየራሳችን ስም። አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሸሚዝ! ግርማ እንግዶች ይዞ መጣና «አያችሁ፣ አዲሱ አሠራር ሠራ» አላቸው። አንገቴን ደፋሁ። ሳቅም ፍርሃትም መጣብኝ።

ዓርብ
ለየብቻ አስቀመጡን። እጄ የረቡዕን ቀኝ እጅጌ አልረሳም። አለፍኩ። ሙሉ ሸሚዝ፣ በስሜ! ደጋግሜ ዳሰስኩት፣ አላፍርም።
ዘይነባ ወደቀች። ግራ እጅጌዋ ተሸብሽቧል። ትናንት እኔ እየሠራሁላት መቼ ትለማመደው? «ሰኞ ማሸጊያ ክፍል» አላት ግርማ። ሳትጠብቀኝ ወጣች።
ዊንጌት ታክሲ ጋ ከደረስኩ በኋላ አላስቻለኝም፣ ተመለስኩ። የሐሙሱን ሁሉ ለግርማ ነገርኩት። ፊቱ ቀላ። በመጨረሻ «ያንቺም ውጤት ተሰርዟል። ሰኞ ሁለታችሁም እንደገና ትፈተናላችሁ» አለኝ።

ቅዳሜ
ዘይነባ ግርማ ደውሎ ነግሯት የቀጨኔን ዳገት ወጥታ ቤቴ መጣች። «ማን ተናገሪ አለሽ? አንቺ ጅል!» አለችኝ ገና በር ላይ። ከዚያ ገብታ በእግር የምረግጠው ስፌት ማሽኔ ላይ ተቀመጠች። የባሌን አሮጌ ሸሚዝ ግራ እጅጌ እየተረተረች መልሳ ትገጥማለች። ይኸው አራተኛ ጊዜዋ ነው። አሁንም ትንሽ ይሸበሸባል።